ቁጥር 4417

ቤይራ፣ ሜይ 3 ቀን 2022

ዞዚሞ፣

ስልክ ብታነሳ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። ቢሆንም ሰላምታ አልነፍግህም። እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ማማም ከዓይኗ በቀር ደህና ናት፤ በግራዋ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ሌላ አታይም፣ ቀኙም እየተከተለው ነው።

በአንድ መስመር «ኮምፒዩተሩ ምን አለሽ?» ብለህ ለጠየቅኸኝ መልሱ ይኸው፦ ምንም አላለኝም። ፎቶ እንዲያወርድልኝ የላክኸውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ስክሪፕት ያልከውን፣ እንዳዘዝከኝ በሱቁ ኮምፒዩተር አስነሳሁት። ጥቁሩ መስኮት ላይ «ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ» እያለ ሲዘረዝር ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣው ሰው ሁሉ ቆሞ አየልኝ። እስከ ምሳ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል ሞላ። ከዚያ አንዱን ልክፈት ብል እምቢ። ሌላውን፣ እምቢ። ሠላሳውን ሞክሬ ተውኩት። ስማቸው የፎቶ ነው፤ ውስጣቸው ግን ፎቶ የለም።

ማስታወቂያው እንደተለጠፈ ነው። የአባባ ፎቶዎች ያሉበት ድረ ገጽ ጁን 30 ቀን ይዘጋል። በጀት አልቋል ይላሉ። አባባ አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈራችንን የሙኛቫን ሰው ሲያገባም፣ ሲቆርብም፣ ሲቀብርም ያነሳው አሥራ አንድ ሺህ ፎቶ እንግዲህ ሁለት ወር ቀረው ማለት ነው። ኔጋቲቮቹን አውሎ ነፋሱ ከነጣሪያው ጠርጎ ወሰዳቸው፤ እቤት የነበሩትን አልበሞች ውሃው በላቸው። ያ የውጭ አገር ቤተ መዝገብ ቀደም ብሎ መጥቶ ባይገለብጣቸው ኖሮ ዛሬ የሚወርድም ነገር ባልኖረ ነበር። እነሱን ያመጣህልን አንተ ነህ፣ አልክድህም።

ማማ የምትፈልገው ግን አንዱን ብቻ ነው። ቁጥር 4417። ኦዴት በቁርባን ቀሚሷ። አንተ ያኔ ገና ትድህ ነበር፣ እህትህን አታስታውሳትም፤ ይህን በተነሳች በሁለተኛው ወር ወባ ወሰዳት። ሌላ ፎቶ የላትም። ማማ ዓይኗ ጨርሶ ሳይጠፋ ግድግዳ በሚያክል ወረቀት ታትሞ ማየት ትፈልጋለች፤ ከዚያ ካነሰ አይታያትም። በየቀኑ ሱቅ እየመጣች «ኦዴት ደረሰች?» ትለኛለች።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንተ ማፑቶ ተቀምጠህ፣ ኔትወርክ እንደ ልብ በሆነበት፣ የኮምፒዩተር ሰው ሆነህ፣ ለምን ራስህ አታወርደውም?

እህትህ ቤንቪንዳ


ማፑቶ፣ ሜይ 6 ቀን 2022

ማና ቤንቪንዳ፣ ታላቅ እህቴ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ስልኩን ያላነሳሁት ሥራ ወጥሮኝ ነው። ማማን ሳሚልኝ።

የፋይሎቹን መጠን እዪ። ሁሉም እኩል ከሆኑ ፎቶ አይደሉም፤ የሁለት ሰው ፎቶ ክብደቱ እኩል ሆኖ አያውቅም። የሆነው ይመስለኛል እንዲህ ነው፦ ስክሪፕቱ ፎቶ ሲጠይቅ ድረ ገጹ ፎቶ አልሰጠውም፣ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» የሚል ገጽ ነው የሰጠው። ስክሪፕቱ ጅል ነው። የሰጡትን ሁሉ ተቀብሎ የፎቶ ስም አውጥቶ ያስቀምጣል።

አስተካክዬ አዲሱን አያይዤልሻለሁ። አሁን ሲጠይቅ ልክ እንደ አንቺ ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ብሎ ገጽ እንደሚያገላብጥ ሰው ይመስላል። በየፎቶው መካከልም ሁለት ሰከንድ ያርፋል፤ ሲጣደፍ ሌባ ይመስላቸዋል። እንደገና የማይከፈት ፋይል ካጋጠመሽ እንደ ጽሑፍ ክፈቺው። ፎቶ ከሆነ ትርጉም የሌለው ምልክት ይዘረግፍልሻል። ገጽ ከሆነ ግን የሚነበብ ነገር ታገኛለሽ፤ ያን ገልብጠሽ ላኪልኝ።

ለምን ራስህ አታወርድም ላልሽው፣ የመሥሪያ ቤቱ መስመር እንዲህ ያለውን አይፈቅድም።

ዞዚሞ


ቤይራ፣ ሜይ 11 ቀን 2022

ዞዚሞ፣

ሠራ። አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስቱም በሦስት ቀን ወረዱ። እልል ልል ነበር፣ ምን እንደሚያክሉ እስካይ ድረስ። «ስፋታቸው ስንት ነው?» ብለህ በስልክ መልእክት ጠይቀሃል፤ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያክላሉ። ቴምብር በላቸው። ኦዴትን አስፍቼ ባያት ፊቷ ሦስት ቡናማ ካሬ ሆነ።

ሰኞር ኤቫሪስቶን ታውቀዋለህ፣ ወደብ መዝገብ ቤት የነበረውን። ወሬው ደርሶት የሟች ሚስቱን ፎቶ ፍለጋ መጣ። እንደምታውቀው የሱንም ቤት ውሃው አልማረለትም። ከመስኮቱ ጋ ወንበር ሰጥቼው ግማሽ ቀን አብረን ፈለግን፤ እሷ መሆኗን ያወቃት በኮፍያዋ ነው።

«አስፊያት እንጂ ልጄ» አለኝ።

«ስትሰፋ ትጠፋለች፣ ሰኞር።»

«እሷ እኮ ስትሰፋ ነው የምታምረው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳሉ ያዘውና እስኪለቀው ጠበቅን። ሳሉ አላማረኝም። ትልቁ ሲመጣ መጀመሪያ የአንተን አትማለሁ አልኩት። ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጽፎ ሄደ።

በስልክ መልእክት የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም። ከቤተ መዝገቡ ጋር ውሉን ማን ነው የፈረመው? ምን ይላል? እነሱ ዘንድ ጽፌ ትልቆቹን በዲስክ ላኩልን ልበላቸው ብዬ ነው።

ቤንቪንዳ


ማፑቶ፣ ሜይ 15 ቀን 2022

ማና፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ቤት ቀይሬ ነው።

አትጻፊላቸው። ለመዝጋት በሚሯሯጡበት ሰዓት መልስ የሚሰጥሽ የለም። የፎቶውን አድራሻ ብታዪው መሐሉ ላይ «ትንሽ» የሚል ቃል አለ፤ ስክሪፕቱ ውስጥ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ እሱን አጥፍተሽ «ዋና» ብለሽ ጻፊ። አንዳንድ ጊዜ የፊት በሩን ዘግተው የጓሮውን ይረሱታል። ዜሮዎቹን እንዳትነኪ፤ 4417 እዚያ 04417 ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ካልሠራ አትታገዪው። ትንሿን ፎቶ አሳምሮ የሚያሳድግ ፕሮግራም አለ፣ እኔ አሠርቼ እልክልሻለሁ። ማማ ልዩነቱን አታየውም።

ውሉን በተመለከተ፣ ያኔ ሁሉንም የማመላልሰው እኔ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ።

ዞዚሞ


ቤይራ፣ ሜይ 18 ቀን 2022

«ማማ ልዩነቱን አታየውም» ያልከውን ለማማ አላነበብኩላትም።

ቃሉን ቀየርኩ። ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ አለ። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም የማይከፈት። ያን ጊዜ ያስተማርከኝን አደረግኩ፤ 04417ን እንደ ጽሑፍ ከፈትኩት። የሚነበብ ነገር ካገኘሽ ገልብጠሽ ላኪልኝ ብለሃል፤ ይኸው ገለበጥኩልህ፦

«ይህ ስብስብ በዋናው መጠን ለተጠቃሚ ዝግ ነው። የተዘጋው በመብቱ ባለቤት ጥያቄ፣ ኦክቶበር 2020። የመብቱ ባለቤት፦ ዞዚሞ ኩስቶዲዮ ዦፍሪሴ፣ የፎቶ አንሺው በሕይወት ያለ ብቸኛ ወራሽ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ማማ በሩ ላይ ነበረች።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ኔትወርክ የለም ይላል።»

«ታዲያ ኔትወርክ ከሌለ አንቺን ምን ያስለቅስሻል?»

እኔ በሕይወት አለሁ፣ ዞዚሞ። ይህን ሱቅ ከጭቃ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማማም አለች፣ ትናንት ያበሰልኩት የበቆሎ ገንፎ፣ ሺማው፣ ቀጥኗል ብላ ስትሰድበኝ ነበር። ማንን ነው የቀበርከው?

መልስህን ጻፍ። ደግሞ ሥራ በዝቶብኝ እንዳትለኝ።


ማፑቶ፣ ሜይ 22 ቀን 2022

ማና ቤንቪንዳ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ።

ከአምስት ዓመት በፊት ቤተ መዝገቡ በመጣ ጊዜ ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ ብለው ነበር። አንቺ ማማ የአባባን የሐዘን ዓመት ሳትጨርስ ምንም አይፈረምም አልሽ። እነሱ ደግሞ ከወራሾቹ አንዱን ሊዝበን ወስደው ስምንት ወር ሊያሠለጥኑ ነበር፣ ጉዞው በሁለት ሳምንት ውስጥ። ቅጹ ላይ «ሌሎች ወራሾች» ይላል፤ «የሉም» አልኩ። ከሥሩ «የሟች ባለቤት» ይላል። «ሞታለች» ብዬ ጻፍኩ። ስመለስ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ስመለስ ሥራ አገኘሁ፣ ከዚያ ማስተካከል ማለት ሥልጠናውንም ሥራውንም በውሸት አገኘሁ ማለት ሆነ።

በ2020 አንድ አሳታሚ ትልቅ መጽሐፍ እናውጣ አለኝ፤ ትልልቆቹን ምስሎች ሌላ ሰው እንዳያገኝ ዝጋቸው አለ፣ ዘጋሁ። አሳታሚው ከሰረ። መጽሐፉ የለም። መልሶ የሚከፍታቸው የይለፍ ቃል የሚመጣው በድሮ መሥሪያ ቤቴ ኢሜይል ነበር፣ ከዚያም ከወጣሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አዎ፣ ሥራ የለኝም። ኮምፒዩተርም የለኝም። ስክሪፕቱን የምጽፍልሽ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ነው፣ ራሴ ያላወረድኩትም ለዚህ ነው። በጓሮ በኩል ይገባና ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ ነበር። ይኸው ነው እውነቱ።

አሁን ያለው መንገድ አንድ ነው። የጻፍኩት ሐሰት መሆኑን አምኜ ፈርሜ ልኬላቸዋለሁ፣ ግልባጩን አያይዣለሁ። ከማማ ደግሞ ፊርማዋና በሕይወት መኖሯን የሚመሰክር የመንግሥት ወረቀት ይፈልጋሉ። ከወር ትንሽ ይበልጣል የቀረን።

ይቅርታ የሚለው ቃል እንደማይበቃ አውቃለሁ። ለማማ አትንገሪያት። እለምንሻለሁ።

ዞዚሞ


ቤይራ፣ ጁን 2 ቀን 2022

ዞዚሞ፣

ወረቀቱ ተልኳል። እንዴት እንደተገኘ ግን ልንገርህ፣ አንተ እዚያ ሆነህ እንዳያመልጥህ።

የሰፈሩ ጸሐፊ ዘንድ ሄድን። በሕይወት መኖሯን የሚመሰክር ወረቀት አልኩት።

«ለጡረታ ነው?»

«አይደለም። ሞታለች ተብሎ ስለተጻፈ ነው።»

ማማን ቀና ብሎ አያት። «ማን ነው እንዲህ ያለ?»

«ልጇ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ስንት ልጅ ነው ያላቸው?»

«ሁለት» አልኩ።

«ሁለት ብዬ ልጻፍ?» አለኝ፣ ዞዚሞ። ቀልዱን አይደለም፤ ቅጹ ላይ የሚሞላ ቦታ አለ። ሁለት ብለህ ጻፍ አልኩት።

ለማማ አትንገሪያት ብለሃል። ጣቷን ቀለም ውስጥ የምትነክር ሴት ለምን እንደሆነ አትጠይቅም ብለህ ነው? ገና ወረፋው ላይ ሳለን ነገርኳት። አተመች፣ ጣቷን በካፑላና ሽርጧ ጠረገች፣ ሻፓ ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ከዚያ፣

«በምን ሞተች ብሎ ጻፈ?» አለችኝ።

«ወረቀቱ ምክንያት አይጠይቅም።»

«እንኳን አልጠየቀው» አለች። «የኔ ልጅ ውሸት ሲረዝምበት ይንተባተባል።»

ሻፓው ሙሉ ሳቀ፤ ስለ ምን እንደምታወራ ያወቀ አልነበረም። እሷ ግን አልሳቀችም።

ቤንቪንዳ


ማፑቶ፣ ጁን 15 ቀን 2022

ማና፣

እንደተከፈተ ከእነሱ ሰማሁ። ፈቃዱ በማማ ስም ነው፣ ለአንቺ ሱቅ ኮምፒዩተር ብቻ። የእኔን ስም ሰርዘውታል፤ ከዚህ ሆኜ ላግዝሽ ብል እንኳ አልችልም። ቢሰርዙኝ አይፈረድባቸውም።

4417ን አስቀድመሽ ማውረድሽ ጥሩ ነው። በስልክ መልእክት እንደነገርሽኝ፣ እስከ አገጯ ድረስ ደርሶ የቀረው ግራጫ የሆነብሽ ፎቶው ተበላሽቶ አይደለም፤ መሐል ላይ መስመሩ ተቋርጦ ነው። እነዚህ ፋይሎች ትልልቅ ናቸው፣ የቤይራ መስመር ደግሞ ታውቂዋለሽ። ችግሩ ስክሪፕቱ ግማሹንም «ወረደ» ብሎ መቁጠሩ ነው። አዲሱ፣ ድረ ገጹ ይህን ያህላል ያለውን ከደረሰው ጋር ያመዛዝናል፤ ካነሰ ጥሎ እንደገና ያመጣዋል። መብራት በጠፋ ቁጥርም ከአንድ አይጀምርም፣ በሙሉ የመጡትን እየዘለለ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰዎች ቁጥር ከሰጡሽ «ቅድሚያ» በሚለው ፋይል ውስጥ በየመስመሩ ጻፊያቸው፣ ከእነሱ ይጀምራል።

በቀን ሁለት መቶ ያህል ብታገኚ ነው። ሁሉም አይደርስም። ያን ጊዜውን እኔ በላሁት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከወረደ ግልባጩን ትልኪልኛለሽ? ማማስ ስለ እኔ ምን አለች? ብመጣ በር ትከፍትልኛለች?

ወንድምሽ ዞዚሞ


ቤይራ፣ ጁላይ 2 ቀን 2022

ዞዚሞ፣

አልቋል። ሐሙስ በአምስት ሰዓት ስክሪፕቱ ቆመ፤ ድረ ገጹን ብጠይቀው ባዶ ነጭ ነገር ነው የሚያሳየኝ። ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ፎቶ በትልቁ ደርሷል። ማስተካከያህ ሠርቷል፣ አንዱም ግራጫ የለበትም። የቀሩት ስምንት ሺህ እንደ ቴምብር ቀሩ። ሰው አሁንም ይመጣል። ትናንት አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ከንዱንዳ ሰፈር በእግሯ መጥታ የአባቷን ፊት ጠየቀችኝ። ጥፍር የሚያክለውን አሳየኋት። «ይሄ አባቴ ነው?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ።

የሰኞር ኤቫሪስቶ ሚስት ከ4417 ቀጥላ ጁን 14 ቀን ወረደች። ኮፍያዋ፣ ጉንጯ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ። እሱን ግን ጁን 9 ቀብረነዋል፤ ሳንባው ነው። ፎቶውን አትሜ ለልጁ ሰጠሁት። ልጁ እናቱን በአካል ስለማያውቃት አገላብጦ አይቶ አመሰገነኝ። እውነቱን ደብቀህ ሦስት ሳምንት ያስሮጥከኝን አስብና ይህን ራስህ ቁጠረው፤ እኔ አልቆጥርልህም።

ኦዴትን መሐል ከተማ ወስጄ የማማን ቁመት በሚያህል ወረቀት አሳተምኳት። ግድግዳው ላይ ሰቀልኩላት። ማማ ወንበር አስጠጋችና አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ ተጠግታ፣ በቀኝ ዓይኗ፣ ከኦዴት ጫማ ጀመረች። ካልሲዋን አየች። የቀሚሱን ጠርዝ በጣቷ ተከተለች፣ «ይህን በእጄ ነው የሰፋሁት» አለች። ወንበሩ ላይ ቆማ ወደ ላይ ወጣች፤ እኔ ወገቧን ይዤያለሁ። ፊቷ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አልቅሳለች» አለችኝ።

«ማን?»

«እዪው፣ ዓይኗ ሥር አብጧል። ጉንጯ ላይ መስመር አለ። ያን ቀን ጠዋት በጥፊ መትቻታለሁ። ቀሚሱን ጭቃ አስነክታ። አባትሽ ፊቷን አጥቦ አነሳት፤ ትንሽ አድርጎ ሲያትመው አይታይም ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ ያን ዕለት ደስ ብሏት ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ላውርደው ወይ አልኳት። «ተዪው፣ የለመንኩት እሷን ማየት ነው፣ አየኋት» አለች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ወንበሯን አስጠግታ እዚያው ናት። ሱቅ መምጣት ትታለች።

ለጥያቄህ። ግልባጩን አልልክልህም። ስለ አንተ ግን ደብዳቤህን እንዳለ አነበብኩላት፤ በር ትከፍትልኛለች ወይ ያልከው ላይ ስደርስ አስቆመችኝና የሚከተለውን ጻፊለት አለች። ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«እናቱ ሞታለች ብሎ በእጁ የጻፈ ሰው ለቅሶ አለበት። አምስት ዓመት አሳለፈው፤ አላለቀሰ፣ ጸጉሩን አልተላጨ፣ የሰባት ቀን ጸሎት አላደረሰ። ይምጣና ያልቅሰኝ። ጎረቤት ይሰብሰብ፣ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት በአፉ ይንገራቸው። እኔ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ግን ቶሎ ይምጣ፣ ቀኙ ዓይኔም እየሄደ ነው፤ ኋላ ድምፁን ብቻ ሰምቼ አላምነውም።»

አውቶቡስ ዓርብ ዓርብ ከማፑቶ ይነሳል። የለቅሶውን ምንጣፍ እኔ እዘረጋልሃለሁ። ከዚያ ወዲያ የማደርግልህ ነገር የለም።

ቤንቪንዳ